ከደሴ ሆኖ የኳንተም ጥናት ርዕስ መምረጥ፦ ኪዩቢት ከመቁጠር እስከ ፕሮፖዛል

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ የማስተርስ ተማሪ ፒያሳ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ አገኘኝና ከቦርሳው አጣጥፎ የያዘውን ወረቀት ዘረጋልኝ። «ኳንተም ኮምፒውቲንግን በመጠቀም የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያን የጭነት ትራንስፖርት ማሻሻል» ይላል። አንብቤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «ስንት ኪዩቢት ይፈጃል?» ቡናውን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያማስላል።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ርዕስ ስንመርጥ ሁላችንም መጀመሪያ የሚያምር ስም እንፈልጋለን፤ ጥያቄው በኋላ ይመጣል ብለን። ኳንተም ላይ ይሄ አያዋጣም። የጥያቄው መጠን የማሽኑን መጠን ይወስናል፤ የማሽኑ መጠን ደግሞ ሰኔ ላይ መመረቅ አለመመረቃችሁን ይወስናል። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ራሴ ተሳስቼ፣ ሌሎችን ሳማክርም አይቼ የደረስኩበት ነው። የጻፍኩት ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ የፊዚክስ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የኤሌክትሪካልና የሒሳብ ተማሪዎች ነው። መስመራዊ አልጀብራና ትንሽ ፓይተን ካላችሁ አብሽሩ፣ ይበቃል። የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ርዕሱን ለጊዜው ተዉት፣ ላፕቶፑን መዝኑ

ተራ ቢት ወይ 0 ወይ 1 ነው። ኪዩቢት ግን እስኪለካ ድረስ የሁለቱን ድብልቅ ይይዛል፤ ድብልቁን የሚገልጹት ሁለት ውስብስብ ቁጥሮች ናቸው። ኪዩቢቶቹ 2 ሲሆኑ ቁጥሮቹ 4፣ 3 ሲሆኑ 8፣ 10 ሲሆኑ 1,024 ይሆናሉ። አንድ ኪዩቢት በተጨመረ ቁጥር እጥፍ ነው። በፓይተን አንድ ውስብስብ ቁጥር 16 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 20 ኪዩቢት 16 ሜጋባይት፣ 25 ኪዩቢት 512 ሜጋባይት፣ 28 ኪዩቢት 4 ጊጋባይት፣ 30 ኪዩቢት 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። 50 ካላችሁ ከ16 ሚሊዮን ጊጋባይት በላይ ነው፤ እሱን ተዉት።

ይሄ እንግዲህ ምንም ስህተት ለሌለበት፣ ንጹሕ ለሆነ የኳንተም ሁኔታ ነው። እውነተኛ ማሽን ይሳሳታል። ኪዩቢቱ ከአካባቢው ጋር እየተነካካ የያዘውን መረጃ ያፈሳል፤ ሁላችንም ኖይዝ የምንለው ይሄንን ነው። ኖይዙን በሙሉ ልታሰሉ ስትነሱ የቁጥሮቹ ዝርዝር ዴንሲቲ ማትሪክስ በሚባል ሰንጠረዥ ይተካል፤ ሰንጠረዡም በአንድ ኪዩቢት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ያድጋል፦ 10 ኪዩቢት 16 ሜጋባይት፣ 12 ኪዩቢት 256 ሜጋባይት፣ 14 ኪዩቢት 4 ጊጋባይት።

ማስታወሻ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ። 8 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ የእኔ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ያለ ኖይዝ 24፣ ከኖይዝ ጋር 10። በወረቀት ስሌት ከዚህ በላይ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ዊንዶውሱና ብሮውዘሩ ከራሙ ላይ ድርሻቸውን ቀድመው ወስደዋል፣ ፕሮግራሙም የውጤቱን ቅጂ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ደግሞም አንድ ሰርኪዩት (በኪዩቢቶቹ ላይ ተራ በተራ የሚፈጸም የስሌት ቅደም ተከተል) አንዴ ሠርታችሁ አትተዉም፤ ሺህ ጊዜ ትደጋግሙታላችሁ። ጉግል ኮላብ (በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት የጉግል ኮምፒውተር) በራም ያግዛል፣ ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥራው መሃል ላይ ይቀራል።

አንድ ማምለጫ አለ፣ ብዙ ተማሪ አያውቀውም። ሃዳማርድ፣ ሲኖትና ፌዝ ከሚባሉት ጌቶች (ኪዩቢቶችን የሚለውጡ መሠረታዊ እርምጃዎች ናቸው) ብቻ የተሠራ ሰርኪዩት በተራ ኮምፒውተር በፍጥነት ይሰላል፤ የጎተስማንና የኒል ቲዎረም ይባላል። የስህተት እርማት ጥናት፣ ማለትም አንድን መረጃ በብዙ ኪዩቢቶች ላይ ዘርግቶ ስህተቱን የማረም ጥናት፣ በአብዛኛው በእነዚህ ጌቶች ላይ ስለሚቆም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪዩቢቶችን በዚያው በላፕቶፓችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ። ከላይ የጻፋችሁት 24 እዚህ ጋ አይሠራም።

2. የትኛው በር የእናንተ ነው?

የፊዚክስ ተማሪ ከሆናችሁ አማካሪያችሁ የሚያውቁት ኳንተም ኦፕቲክስ ሳይሆን አይቀርም። በአገራችን የፊዚክስ ክፍሎች ስለ ባለ ሦስት ደረጃ ሌዘርና ስለ ስኩዊዝድ ብርሃን የተጻፈ ቴሲስ ብዙ ነው። ተማሪዎች «የድሮ ነገር» ይሉታል። እኔ ጥሪት ነው የምለው። አንድ አቶም በሁለት መስተዋቶች መሃል ከታሰረ ብርሃን ጋር ኃይል ሲለዋወጥ፣ ከዚያም ኃይሉ ቀስ እያለ ሲያመልጥ፣ አማካሪያችሁ ይሄን ለመግለጽ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ቀመር፣ ማስተር ኢኩዌሽን፣ የሱፐርኮንዳክቲንግ ኪዩቢትንም (ያለ ተቃውሞ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ቺፕ ላይ የተሠራውን) ጠባይ ይገልጻል። ጄይንስና ከሚንግስ በ1963 ለአቶም ያወጡት ሞዴል ዛሬ ለቺፕ ያገለግላል። የ2025ቱ የፊዚክስ ኖቤል ለክላርክ፣ ለዴቮሬና ለማርቲኒስ የተሰጠውም የኳንተም ክስተት በእጅ ሊያዝ በሚችል የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ላይ እንደሚታይ ስላሳዩ ነው። በአቶሙ ቦታ ሰርኪዩቱን አስገቡ፣ የሚፈሰውን ኃይል አስሉ፣ ኪዩቢቱ ሲነበብ ስህተቱ ስንት እንደሚሆን ጠይቁ። አማካሪያችሁ ሒሳቡን ያርሙላችኋል፤ ኩቲፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ያሰላላችኋል። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ በር እስካሁን አላየሁም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በአብዛኛው የምትመጡት በኳንተም ማሽን ለርኒንግ በር ነው። በሩ የተጨናነቀ ነው፣ እወቁት። በዚህ መስክ ሰርኪዩቱን ቀስ በቀስ እያስተካከሉ ስህተቱ ዝቅተኛ ወደሚሆንበት ነጥብ መውረድ ነው ሥራው። ከጦሳ ተራራ አናት በጭጋግ ወደ ከተማው የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱን በእግሩ እየዳሰሰ ነው የሚወርደው፤ በየትም ቢረግጥ ሜዳ ከሆነበት ግን ወዴት ይሂድ? በ2018 የታተመ ጥናት በዘፈቀደ የተሠሩ ሰርኪዩቶች ኪዩቢት በጨመረ ቁጥር እንዲህ ዓይነት ሜዳ እንደሚሆኑ አሳየ። ባረን ፕላቶ ይሉታል፤ ጠፍ ሜዳ ብንለው ያስኬዳል። ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ ለላፕቶፕ የተሰፋ ነው፦ ከ2 እስከ 12 ኪዩቢት ድረስ የቁልቁለቱ መጠን (ግራዲየንቱ) በምን ፍጥነት ይጠፋል? ሰርኪዩቱን እንዲህ ወይም እንዲያ ብጀምረውስ? «በኳንተም ማሽን ለርኒንግ የስንዴ በሽታን መለየት» ከሚል ርዕስ ይሄ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ለአይቲና ለኔትወርክ ሰዎች እኔ የማዳላለት ሌላ በር አለ፤ ኳንተም ኮምፒውተር ጨርሶ አይፈልግም። ፒተር ሾር በ1994 ያወጣው አልጎሪዝም በቂ ትልቅ የኳንተም ማሽን ሲገኝ ዛሬ ኢንተርኔቱ የቆመባቸውን እንደ አርኤስኤ ያሉ ምስጠራዎች ይሰብራል። ስለዚህ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በነሐሴ 2024 አጋማሽ ላይ የኳንተም ጥቃትን እንዲቋቋሙ የታሰቡ ሦስት ደረጃዎችን አወጣ። ከነዚህ አንዱ ሁለት ኮምፒውተሮች የምስጢር ቁልፍ የሚስማሙበት ኤምኤል-ኬም ነው። የመካከለኛ ደረጃው የአደባባይ ቁልፍ 1,184 ባይት ነው፤ የተለመደው ዘዴ የኤክስ25519 ቁልፍ ግን 32 ባይት ብቻ። ይሄ ልዩነት አዲስ አበባ መሃል ፋይበር ላይ ምንም አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሀረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ሲግናሉ አንድ መስመር ሲቀረውስ? ማንም ከቤተ ሙከራው ሆኖ ይሄን ሊለካላችሁ አይችልም። የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ነፃ ፕሮግራም ኦፕን ኤስኤስኤል ከእትም 3.5 ጀምሮ አዲሱን ቁልፍ ይደግፋል። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሲም ካርድ ይዛችሁ ግንኙነት ለመክፈት የሚፈጀውን ጊዜ በድሮውና በአዲሱ ቁልፍ መቶ መቶ ጊዜ ለኩ። የሚኒባስ ሒሳብ ብቻ ነው ወጪው።

ኤሌክትሪካል ያላችሁ የስህተት እርማትን እዩ። ሰርፌስ ኮድ በሚባለው ዘዴ የኮዱ ርቀት (መረጃውን ሳይታወቅ ለማበላሸት የሚያስፈልገው ትንሹ የስህተት ብዛት) 3፣ 5፣ 7 ሲሆን የሚያስፈልገው ኪዩቢት 17፣ 49፣ 97 ነው። ጉግል በታኅሣሥ 2024 ዊሎው በተባለው ባለ 105 ኪዩቢት ቺፑ ያሳየው ርቀቱ አንድ ደረጃ ባደገ ቁጥር ስህተቱ ከግማሽ በታች እንደሚወርድ ነው። ስቲም በሚባል ነፃ ፕሮግራም ይሄን ኩርባ ራሳችሁ ልትስሉት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ኖይዙን እየቀያየራችሁ የት ላይ እንደሚበላሽ መፈለግ ነው።

«የኳንተም ትርጓሜ ምንድን ነው፣ እውነት ምንድን ነች» የሚለው በር ለቡና ይሁን።

3. ትልቁን ርዕስ እንበልተው

ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት እንደሚወጣ ሁሉ ርዕስም መገጣጠሚያው ላይ ነው የሚቆረጠው። ወደ ጭነቱ ልጅ እንመለስ።

አንዲት መኪና ከደሴ ተነስታ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሐይቅ፣ ኩታበርና ወረኢሉ ዕቃ አድርሳ ወደ ደሴ ትመለሳለች እንበል። አጭሩ ዙር የቱ ነው? በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ከተማ ለእያንዳንዱ ተራ አንድ ኪዩቢት ይፈልጋል፤ «ኮምቦልቻ ሁለተኛ ናት?» ለሚለው መልሱ 1 ወይም 0 ነው። 5 ከተማ በ5 ተራ 25 ኪዩቢት መጣ። ደብተራችን ላይ ከጻፍነው 24 አለፈ፤ ከኖይዝ ጋርማ አይታሰብም።

መጠኑን ተዉትና ውስጡን እዩት። 25 ኪዩቢት ሲለካ 33,554,432 ዓይነት ውጤት ሊወጣ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ትክክለኛ ዙር የሆኑት 120 ብቻ ናቸው። የቀሩት ወይ መኪናዋን በአንድ ጊዜ ሐይቅም ከሚሴም ያደርሷታል፣ ወይ ኩታበርን ይረሷታል። 120ውን ዙር ደግሞ ማንኛውም ላፕቶፕ ቆጥሮ ለመጨረስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። በዚህ መስመር የኖረ ሾፌር እማ ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ይነግራችኋል።

እንግዲህ «ትራንስፖርት ማሻሻል» ወደቀ። ምን ተረፈ? ያ 120 ከ33 ሚሊዮን የሚለው ነገር ተረፈ። ጥያቄው እዚያ ነው ያለው፦ ሰርኪዩቱ ከትክክለኛ ዙሮች እንዳይወጣ በምን ይያዛል? ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ቅጣት ነው፤ የተበላሸ ዙር የወጪ ነጥቡ (ሰርኪዩቱ ሊያሳንሰው የሚሞክረው ቁጥር) ከፍ እንዲል ይደረግና ሰርኪዩቱ ራሱ እንዲሸሸው ይተዋል። ሁለተኛው ሰርኪዩቱን ገና ከጅምሩ ከአንድ ትክክለኛ ዙር ወደ ሌላ ትክክለኛ ዙር ብቻ እንዲሄድ አድርጎ መሥራት ነው። ሁለተኛው ያማረ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጌት ይፈልጋል፣ ጌት በበዛ ቁጥር ደግሞ ኖይዝ ይበዛል።

አሁን አሳንሱት። ከደሴ ሌላ 3 ከተማ ብቻ፦ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር። 9 ኪዩቢት። 512 ውጤት፣ 6 ትክክለኛ ዙር። ከኖይዝ ጋር ከሚያስኬደው 10 በታች ሆነ፤ ላፕቶፑ ይችለዋል። ርዕሱም እንዲህ ተለወጠ፦ «ኖይዝ ሲጨምር ከቅጣት ዘዴና ከተገደበ ሰርኪዩት የትኛው ትክክለኛ ዙር አብዝቶ ይሰጣል? በየትኛው የኖይዝ መጠን ላይስ ደረጃቸው ይቀያየራል?» መልሱ ቁጥር ነው። ማንም እንዲሁ አይቶ አይገምተውም፤ በየትኛውም በኩል ቢወጣ ይጻፋል።

ሳንቲም ወርውሮ ቢመርጥ እንኳ ከ512 ውስጥ 6 ጊዜ፣ ማለትም 1.2 በመቶ ያህል፣ ትክክለኛ ዙር ይወጣል። ይሄ መነሻ መስመራችሁ ነው። ሰርኪዩታችሁ 1.5 በመቶ ከሰጠ የሠራችሁት ውድ የሆነ ሳንቲም ነው።

4. የታወቀ ውጤት ድገሙ

አዲስ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት መልሱ የታወቀ አንድ ነገር በገዛ እጃችሁ ሥሩ። ለሁሉም የምሰጠው የቤት ሥራ የቤልን ፈተና ነው። ጆን ቤል በ1964 ሐሳቡን አወጣ፤ በ1969 አራት ሰዎች ለሙከራ የሚመች መልክ ሰጡት፤ የ2022ቱ ኖቤል ለአስፔ፣ ለክላውዘርና ለዛይሊንገር የተሰጠው በዚሁ ዙሪያ በሠሩት ሙከራ ነው።

ኪስኪት የሚባለውን የአይቢኤም ነፃ የኳንተም ፕሮግራም ጫኑ። ሁለት ኪዩቢት ወስዳችሁ በመጀመሪያው ላይ ሃዳማርድ፣ በሁለቱ መሃል ሲኖት አድርጉ። 1,000 ጊዜ ለኩ። በግምት 500 ጊዜ 00፣ 500 ጊዜ 11 መውጣት አለበት። ያለ ኖይዝ 01 ካያችሁ ሲኖቱ በስህተት ገብቷል፤ ወደፊት አትሂዱ። ሁለቱ ኪዩቢቶች አሁን ተቆራኝተዋል (ኢንታንግልድ የሚባለው ይሄ ነው)። ለሁለቱም ሁለት ሁለት የመለኪያ ማዕዘን ስጧቸው፣ አራቱን ጥምረት ለኩ፣ ከእያንዳንዱ ተዛምዶውን (ውጤቶቹ ከሚመሳሰሉበት ድርሻ ላይ የሚለያዩበትን ቀንሳችሁ) አውጡና ሦስቱን ደምራችሁ አንዱን ቀንሱ። ኪዩቢቶቹ መልሳቸውን አስቀድመው ይዘው የመጡ ቢሆን ኖሮ ድምሩ ከ2 አይበልጥም። ኳንተም ግን እስከ 2.828 ያደርሰዋል።

አንዲት ተማሪ 2.87 አገኘችና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ፤ «የኳንተምን ጣሪያ አልፌያለሁ» አለች። አላለፈችም። በእያንዳንዱ ማዕዘን 1,000 ጊዜ ስትለኩ የድምሩ የስታቲስቲክስ ስህተት 0.045 ገደማ ነው፤ 2.79ም 2.87ም ከ2.828 ጋር ይስማማሉ። ልኬቱን አራት እጥፍ ብታደርጉት ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይሄን ያልተረዳ ሰው ቴሲሱ ላይ የሚስለው ግራፍ ሁሉ አደጋ ላይ ነው።

አሁን ኖይዝ ጨምሩ። በጣም ቀላሉ ዓይነት፦ የተቆራኘው ሁኔታ ድርሻ ፒ (p) ይሁን፣ የቀረው ፍጹም ዝብርቅርቅ ይሁን። ድምሩ በቀጥታ 2.828 ሲባዛ ፒ ይሆናል። ስለዚህ ፒ ከ0.707 ሲወርድ ፈተናው 2ን ማለፍ ያቅተዋል። ነገር ግን ቁርኝቱ የሚጠፋው ፒ አንድ ሦስተኛ ሲደርስ ነው። በ0.33 እና በ0.707 መካከል ያለውን ቦታ ልብ በሉ፤ ቁርኝቱ አለ፣ ፈተናው አያየውም። እዚህ ጋ የደረሰ ተማሪ ርዕስ ስጡኝ ብሎ አይጠይቅም። ኖይዙ ኃይል የሚያፈስ ዓይነት ቢሆንስ? አንደኛው ኪዩቢት ቶሎ ተለክቶ ሌላው ሲጠብቅ ቢቆይስ? ሌላ ፈተና ይሄን የተሸሸገ ቦታ ያያል? ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

5. ሦስት ጽሑፍ፣ ሠላሳ አይደለም

አርካይቭ የተባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ከ1991 ጀምሮ ጽሑፎችን በነፃ ያስነብባል፤ የኳንተም ፊዚክሱ ክፍል በየቀኑ ይሞላል፣ ሁሉንም ልከታተል ያለ ያብዳል። ሦስት ብቻ ምረጡ፦ ሐሳቡን ያመጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ፣ አንድ የዳሰሳ ጽሑፍ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጣ አንድ። እኔ ፒዲኤፎቹን ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻል ነው የማወርዳቸው። ከእያንዳንዱ አራት ነገር ወደ ደብተር ገልብጡ፦ ምን ጠየቁ፣ ስንት ኪዩቢት ተጠቀሙ፣ ከምን ጋር አወዳደሩ፣ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ምን ሳንሠራ ቀረ አሉ። የመጨረሻው ዓምድ የርዕስ ጎተራ ነው።

ሦስተኛውን ዓምድ አትዝለሉት። የኳንተም አልጎሪዝም የሚወዳደረው ከደካማ ተራ ዘዴ ጋር ሲሆን ሁልጊዜ ያሸንፋል። በ2018 ዩዊን ታንግ የምትባል የ18 ዓመት ተማሪ ኳንተም በጣም እንደሚፈጥንበት ይታመን የነበረ አንድ የምርጫ ጥቆማ ችግርን (ለሰው የሚወደውን ነገር የመጠቆም ሥራ) ወስዳ ተራ ኮምፒውተርም በተቀራራቢ መንገድ ሊሠራው እንደሚችል አሳየች። የኳንተሙን የበላይነት ልታረጋግጥ ተነስታ ነው ተቃራኒውን ያገኘችው። ያ ሥራ የዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ነበር።

6. በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አራት ነገር ይግባ፦ የሚቀያየረው፣ የሚለካው፣ የሚወዳደርበት፣ የኪዩቢቱ ቁጥር። «ከ2 እስከ 12 ኪዩቢት ባላቸው ሰርኪዩቶች፣ የመነሻ አሰጣጡን በመቀያየር፣ የቁልቁለቱ መጠን ከዘፈቀደ አጀማመር አንፃር ምን ያህል ይለያያል?» አራቱም አሉ። «ማሻሻል»፣ «ማሳደግ»፣ «አብዮት» የሚሉ ቃላት ካያችሁ ሰርዟቸው።

ከዚያ ኳንተም ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «መልሱ አይሆንም ቢሆንስ ምን ትጽፋለህ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የምትመልሱት ካጣችሁ ዓረፍተ ነገሩ ገና ነው። አይሆንም የሚል መልስ የሚያስደነግጥ ርዕስ አትያዙ።

7. እውነተኛው ማሽን መጨረሻ ላይ

አይቢኤም በ2016 ባለ 5 ኪዩቢት ማሽን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አደረገ፤ ዛሬ ከ100 በላይ ኪዩቢት ያላቸውን ከደሴ ሆኖ ማዘዝ ይቻላል። ነፃው ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሙከራ አታባክኑት። ሁሉንም በሲሙሌተር (ኳንተም ማሽንን በተራ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ጨርሱ፣ ማሽኑን ለአንድ የመጨረሻ ግራፍ ብቻ አስቀምጡት። ቴሲሳችሁ ያለዚያ ግራፍ መቆም መቻል አለበት።

ሥራ ስትልኩ የሥራ መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል። ወዲያውኑ ደብተር ላይ ጻፉት፣ በእስክሪብቶ። እኔ አንዴ ወረፋ ላይ ያለ ሥራ ትቼ መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ሞተ፣ ስመለስ የትኛው ውጤት የየትኛው ሰርኪዩት እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ የወሩ ደቂቃ አልቆ ነበር። ውጤቶቹ ደመናው ላይ አሉ፣ ስማቸውን ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ረሳሁት። የማሽኑ የስህተት መጠንም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የሠራችሁበትን ቀንና የዚያን ዕለት የካሊብሬሽን መረጃ አብራችሁ አስቀምጡ። በላፕቶፕ ላይ ለሚሄደውም እንደዚሁ፦ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጥብ ሲጨርስ ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ሲነሳም ካቆመበት ይቀጥል። አሥር መስመር ኮድ ነው፤ አንድ ሌሊት ያድናል። የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻ ሲድም እዚያው ፋይል ውስጥ አስገቡት።

8. አማካሪ፣ ወራት፣ አንድ ገጽ

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ለኳንተም ይሄ ክፍፍል ይጠቅማል፦ ማስተር ኢኩዌሽኑን የሚያውቅ ሰው ላይ፣ ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰው ታች አለ። በመሃል ወደ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛ አማካሪ ከፈለጋችሁ በስልክ አትለምኑ፤ ሚኒባስ ይዛችሁ ውረዱ ወይም ውጡ፣ ደብተራችሁን አሳዩ።

ወራቱን እኔ እንዲህ ነው የምከፍላቸው፦ እስከ ኅዳር መጨረሻ ዓረፍተ ነገሩና ፕሮፖዛሉ፣ እስከ ጥር የታወቀው ውጤት ተደግሞ በራሳችሁ ግራፍ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አዲሱ ነገር፣ ግንቦት ጽሕፈት። ጥር ላይ የታወቀውን መድገም ካቃታችሁ ርዕሱን አትቀይሩ፤ ኪዩቢት ቀንሱ።

ለአማካሪው ይዛችሁ የምትገቡት ፕሮፖዛል ሠላሳ ገጽ ይሁን፣ ደንቡ ነው። ከላዩ ግን አንድ ገጽ አያይዙ፦ ዓረፍተ ነገሩ፣ የኪዩቢቱ ቁጥርና የራሙ ስሌት፣ መነሻ መስመሩ፣ አንድ በእጅ የተሳለ ግራፍ፤ አግድሙ ላይ ምን እንዳለ፣ ቁሙ ላይ ምን እንዳለ፣ ኩርባው ወዴት ይሄዳል ብላችሁ እንደምትገምቱ።

የጭነቱ ልጅ ያንን አንድ ገጽ ይዞ ገባ። አማካሪው ኳንተም ሠርተው አያውቁም፤ ስለ ሃዳማርድም ስለ ሲኖትም ምንም አልጠየቁትም። ገጹን ዝቅ አድርገው መነጽራቸውን አስተካከሉና «ከ512 ውስጥ 6ቱ ዙር ናቸው ብለሃል። 506ቱስ ምንድን ናቸው?» አሉት። ተነስቶ ሰሌዳው ላይ ሦስት በሦስት ሰንጠረዥ ሳለና መኪናዋን በአንድ ጊዜ ሐይቅና ኩታበር አቆማት።